ጋያ የት ነበረች?

በ2001 ዓ.ም. የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። የእንጅባራ ዝናብ ከትምህርት ቤት መልስ ሲይዘኝ የምጠለለው አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የቴሌቪዥኑ ድምፅ ስለማይሰማ፣ አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ጆሮውን ከድምፅ ማውጫው ለጥፎ ይተረጉምልን ነበር። «አያ» እንለዋለን። «ጎድ ኦፍ ዋር»ን፣ ሁለተኛውን ክፍል፣ ያየሁት በእሱ አንደበት ነው።

መጨረሻው ላይ የጨዋታው ጀግና ክራቶስ ወደ ጥንቱ የአማልክትና የታይታኖች ጦርነት ተመልሶ ታይታኖቹን ከነሕይወታቸው ወደ ራሱ ዘመን ያመጣቸዋል። ከታይታኖቹ አንዷ ጋያም አብራቸው አለች። ግራ ገባኝ። ከጨዋታው መጀመሪያ አንስቶ ክራቶስን ስትመራው የቆየችው ራሷ ጋያ ናት እኮ! ከጥንት ተነሥታ ከመጣች፣ በመሀል ባለው ዘመን ስትመክረው የነበረችው ማን ናት?

«አያ፣ ይኼ አይገጥምም» አልሁት።

ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ዝም አለ። የተከፈለበት ሰዓት እየቆጠረ ነበር። ከዚያ ደብተሬን ተቀብሎ በኋላው ገጽ ረጅም መስመር አሰመረና «ጋያ እዚህ፣ ክራቶስ እዚህ» እያለ ነጥብ ያኖር ጀመር። ሰዓቱ አልቆ ሌሎች ልጆች ሲገቡ እኛ ደጃፉ ላይ ቆመን መስመሩን እየሰረዝን እንደገና እናሰምር ነበር። እንደዚያ ቀን የተደሰትሁበት ጊዜ ትንሽ ነው። በኋላ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የዚሁ ጨዋታ ክፍል «አሴንሽን» ደግሞ ከሁሉም በፊት የሆነውን የሚተርክ ሆነና ገጹ አልበቃ አለኝ።

የዘመን መስመር ማስመሩን ቤትም ይዤው ገባሁ። አያቴ ዐድዋን በየዓመቱ በግልቢያ በሚዘክረው የአዊ ፈረሰኞች ማኅበር ውስጥ ፈረሰኛ ነበር፤ በወስፌ የኮርቻ ጠፍር እየሰፋ አገኘሁት።

«አባባ፣ ዐድዋ የካቲት 23 ነው። እኛ ለምን ጥር 23 እንጋልባለን?»

«ሁለቱም የጊዮርጊስ ቀን ነው።»

«ማኅበሩስ በ1932 ተመሠረተ ትላላችሁ። ንጉሡ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው። ጣልያን ሳይወጣ?»

ወስፌውን ከጠፍሩ ነቀለና አየኝ። «ፈረስ ጠላት እስኪወጣ ታስሮ ይጠብቃል እንዴ ልጄ?»

ያንንም ጻፍሁት። ደብተሩ ዛሬም አለኝ፤ ከጋያ መስመር ሥር የአያቴ ቃል በእርሳስ ሰፍሯል፤ ከሱ ቀጥሎ ልጠይቀው አስቤ ያልጠየቅሁት ብዙ ባዶ መስመር አለ። ፈረሰኛ አያት ያላችሁ የአዊ ልጆች፣ ጥር 23ን ሳትጠብቁ ዛሬውኑ ጠይቁ።