ባለቤት ያልነበረው ድጋፍ

እኔ አናጺ ነኝ። ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ ነው። አሁን የምሠራው ለንደን ሲሆን፣ መደቤ የጊዜያዊ ሥራዎች አስተባባሪ ይባላል። ሕንፃ በሚሠራበት ቦታ ሁሉ ሁለት ነገር ይሠራል። አንዱ የሚቀረው ነው፤ ዓምዱ፣ ሶሌታው፣ ግድግዳው። ሌላው የሚቀረው ራሱን እስኪችል ተሸክሞት ቆይቶ የሚነሳው ነው፤ ድጋፉ፣ ፎርምወርኩ፣ መወጣጫው፣ የጉድጓድ መደገፊያው። እኔ የምጠብቀው ይህን ሁለተኛውን ነው። ወደዚህ ሥራ የመጣሁት በምርጫ ብቻ አይደለም፤ ድጋፍ ሲከዳ ከሥሩ ነበርኩ። ያየሁትን እንዳየሁት እመሰክራለሁ።

ነገሩ የሆነው በ1990ዎቹ ማብቂያ፣ ገርጂ አካባቢ በሚሠራ ፎቅ ላይ ነው። የምድር ቤቱ ለሱቅ ስለታሰበ ከፍታው ከሌላው ወለል ይበልጣል። አንድ አጣና ከታች እስከ ላይ አልደርስ ስላለ፣ ሁለት ሁለቱ በቁራጭ ጣውላና በሚስማር እየተቀጠሉ ቆሙ። አግድምና ሰያፍ ማሰሪያም ተመቶላቸው ነበር፤ እንጨቱን ለጋሼ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ጋሼ የምንለው ዋናውን አናጺ ነው፤ እኔ ረዳቱ ነኝ።

ማሰሪያው ግን እንደተመታ አልቆየም። ብሎኬት የሚያመላልሱት ልጆች ጋሪያቸው አላልፍ ሲል ጥቂት እንጨት አነሱ። የቧንቧ ሠራተኛው መስመሩን ሲዘረጋ ሌላ ጥቂት አነሳ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው መሰላሉን ለማስገባት ሁለት ጨመረ። ሁሉም ምክንያት ነበረው፤ ሁሉም ያነሳው ትንሽ ነው። በጠቅላላ ስንት እንደተነሳ የሚያውቅ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ከታች ደግሞ አጣናዎቹ የቆሙት በሙሌት አፈር ላይ ነው። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ስለበረታ አፈሩ ሲረግጡት ይሰርግ ነበር።

የሶሌታ ሙሌት ቀን እንደ ደቦ ነው። ከወትሮው ሦስት እጥፍ ሰው ይመጣል፤ ሚክሰሩ ከንጋት ጀምሮ ያጓራል፤ የቀን ሠራተኞቹ ባሬላ ይዘው በመወጣጫው ይመላለሳሉ፤ ባለቤቱ ዳቦና ለስላሳ ያመጣል። በዚያ ቀን ጠዋት ጋሼ ከሥር ገብቶ ዞር ዞር ካለ በኋላ ፎርማኑን ጠራው።

«ይኼ ዛሬ ባይሞላ ደስ ይለኛል» አለው።

«ጋሼ፣ ሚክሰሩ በቀን ኪራይ ነው። ይኸው ሰዉም መጥቷል። ኢንጂነሩ ፌሮውን አይቶ ሙሉ ብሎኛል። ታዲያ አሁን ማን ብሎኛል ብዬ ላቁም?»

ጋሼ ጥቂት ዝም አለና «እኔማ አናጺ ነኝ» አለ። ፎርማኑ ክፉ ሰው አልነበረም። ከሠራተኛው ጋር የሚበላ፣ የታመመ የሚጠይቅ ሰው ነው። የሚያስቆም ቃል የሚሰማበት ቦታ ስላልነበረ ብቻ ሙሌቱ ተጀመረ።

የእኔ ድርሻ ከሥር ሆኜ መዶሻ ይዤ ሽብልቅ ማጥበቅ ነበር። አርማታው ሲከብድ አጣናው ይረግጣል፣ ሽብልቁ ይላላል፣ እኔ እመታለሁ። እስከ ረፋዱ እንዲህ ሄደ። ከዚያ በአንዱ ጥግ ላይ ሥራው ቀደመና አርማታው ተከመረ። እኔ ያየሁት የሚሰበር እንጨት አልነበረም። ከፊቴ የነበረው አጣና በመቀጠያው ላይ ተከፈተ፤ ሚስማሩ ቀስ እያለ ሲወጣ አየሁት። ቀና ስል የጎኑም የዚያኛውም ወደ አንድ ወገን አዘንብለዋል። «ጋሼ!» ብዬ መጮኼን አስታውሳለሁ። ከዚያ ሶሌታው መሐሉን ታጥፎ ወረደ።

ያተረፈኝ ዓምዱ ነው። አንድ የፎርምወርክ ገበታ ዓምዱ ላይ ተደግፎ ሲቀር ከሥሩ ትንሽ ክፍተት ሠራ፤ እኔ በዚያ ውስጥ ቀረሁ። ግራ እግሬ ከጉልበቴ በታች ተይዟል። ጨለማ ነው። እርጥብ አርማታ በየስንጥቁ እየፈሰሰ ሱሪዬ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፤ ቆይቶ ቆዳ ማቃጠል ይጀምራል። ከወዲያ በኩል አንዲት ሴት «እመ ብርሃን፣ እመ ብርሃን» ትላለች። እየቆየ ድምጿ ቀነሰ።

ከላይ የሰው ኮቴ ሰማሁ። «ማን አለ?» አለ አንድ ድምፅ። ስሜን ተናገርኩ። ጋሼ ነበር፤ ከጠርዝ ላይ ስለነበር ተርፏል። «አይዞህ፣ አትንቀሳቀስ» አለኝና ወዲያው ወደ ሰዉ ዞሮ «ውሃ! ውሃ አምጡ፣ እንዳይደርቅበት!» ሲል ጮኸ። ያኔ የገባኝ አደጋው በሰዓት የሚለካ መሆኑ ነው። ሲሚንቶ ሰው አያይም፤ ሰዓቱን ጠብቆ ይጠነክራል። የሰፈሩ ሴቶች በባልዲና በጀሪካን ውሃ እያመላለሱ በስንጥቁ አፈሰሱልኝ። ወንዶቹ ፌሮውን በመጋዝ እየቆረጡ፣ አርማታውን በእጃቸውና በአካፋ እየዛቁ ወደ እኔ መጡ። ስወጣ ፀሐይዋ ወደ ማዘቅዘቁ ነበር። እግሬ ተሰብሯል፤ በሲሚንቶ የተቃጠለው ቆዳ ከስብራቱ በላይ ቆይቶ ነው የዳነው። ቫይብሬተር ይዞ ላይ የነበረው ልጅና ያቺ «እመ ብርሃን» ስትል የሰማኋት ባሬላ ተሸካሚ ሴት አልተረፉም።

መርማሪዎች ቃሌን ሊቀበሉ ሆስፒታል ድረስ መጡ፤ የሌሎቹንም ቃል ውሎ አድሮ ሰማሁ። ኢንጂነሩ «ሥዕሉ ትክክል ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ ዓምዱ፣ ቢሙ፣ ፌሮው ሁሉ በሥዕሉ መሠረት ነበር። ሥዕሉ ላይ ስለ ድጋፉ የተሠመረ አንድም መሥመር አልነበረም። ተቋራጩ የእንጨት ሥራውን በቁርጥ ለአናጺ መስጠቱን ተናገረ፤ ይኼም እውነት ነው። ጋሼ ሁልጊዜ እንደሚሠራው መሥራቱን አስረዳ። የቧንቧ ሠራተኛው ሁለት እንጨት ብቻ እንዳነሳ ማለ። ማንም አልዋሸም። ሁሉም የየራሱን ተናገረ፤ የሁሉም ቃል ሲገጣጠም ግን ድጋፉ ባለቤት እንዳልነበረው ታየ።

ከዓመታት በኋላ እንግሊዝ አገር ገብቼ በፎርምወርክ አናጺነት ተቀጠርኩ። ቀጣሪዬ ለአስተባባሪነት ሥልጠና ላከኝ። ሁለት ቀን የሚፈጅ፣ በፈተና የሚያልቅ፣ ምስክር ወረቀቱ በየአምስት ዓመቱ የሚታደስ ሥልጠና ነው። በክፍሉ ውስጥ መወጣጫ ሠሪው፣ ጉድጓድ ቆፋሪው፣ የክሬን መሠረት የሚያስጥለው ሁሉ ነበሩ። አስተማሪው የአንድ ሕንፃ ሥዕል ሰጥቶ በሥራው ውስጥ የሚቆሙትንና የሚነሱትን ነገሮች ዘርዝሩ ብሎን ነበር። ሁላችንም ድጋፉንና መወጣጫውን ጻፍን። የአጥሩን ቆርቆሮ፣ ክሬኑ የሚቆምበትን መደብ፣ መኪና የሚወጣበትን የአፈር ዳገት ግን ብዙዎቻችን ዘለልን። ነፋስ የሚጥለው አጥርና የሚሰምጥ የክሬን መደብም ሰው ይገድላሉ።

ከዚያ የሎደንን ታሪክ ነገረን። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 24 ቀን 1972፣ ሬዲንግ ከተማ አጠገብ በሎደን ወንዝ ላይ የሚሠራ ድልድይ አርማታ እየተሞላበት ሳለ ድጋፉ ከዳና ሦስት ሠራተኞች ሞቱ። ድጋፉ ብረት ነበር። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ የጎዳን አጣናው ይመስለኝ ነበር። መንግሥት በስቲቨን ብራግ የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ፤ የመጨረሻ ሪፖርቱ በ1975 ወጣ። ኮሚቴው ስለ ብረትና እንጨት ስሌት ብቻ አልተናገረም። በየሥራ ቦታው ጊዜያዊ ሥራዎችን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚከታተል አንድ የታወቀ ሰው ይኑር አለ። በ1982 የወጣው ቢኤስ 5975 የተባለው የእንግሊዝ ደረጃ ይህንኑ ያዘ። ደረጃው ብዙ ጊዜ ተሻሽሎ በ2024 በሁለት ክፍል ታትሟል፤ አንደኛው ክፍል በሙሉ ስለ አሠራር ሥርዓት ነው።

የስሌቱን ክፍል ስንማር የገርጂውን ሶሌታ በደብተሬ ጥግ ላይ አሰላሁት። አንድ ሜትር ኩብ እርጥብ አርማታ ከነፌሮው ሁለት ተኩል ቶን ያህል ይመዝናል። ውፍረቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሶሌታ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ግማሽ ቶን ይጭናል፤ መቶ ካሬ ሜትር ከሆነ 50 ቶን ነው፤ ሰዉና ክምሩ ሳይቆጠር። ደረጃው ደግሞ ድጋፍ ከላይ ከሚጫነው ክብደት ቢያንስ 2.5 በመቶ የሚሆን የጎን ግፊት እንዲችል ያዛል። ነፋስ ባይኖር፣ ማንም ባይገፋው እንኳ ፍጹም ቀጥ ብሎ የሚቆም ምሰሶ የለምና። የ50 ቶኑ ድርሻ አንድ ቶን ከሩብ ይሆናል። ያንን የሚይዘው ያ በየምክንያቱ የተነሳው ሰያፍ እንጨት ነበር። ቀጭን ምሰሶ መሐሉ ላይ ካልታሰረ ደግሞ ቁመቱ እጥፍ ሲሆን የሚችለው ክብደት ወደ ሩብ ይወርዳል። አግድሙን ማንሳት ማለት ምሰሶውን ማስረዘም ማለት ነው። የቧንቧ ሠራተኛው ይህን ከየት ያውቀዋል?

ሥርዓቱ ሲታይ ቀላል ነው። ጊዜያዊ ሥራዎች ሁሉ በአንድ መዝገብ ይጻፋሉ። ለእያንዳንዱ ምን እንደሚሸከም፣ በምን መሬት ላይ እንደሚቆም፣ ማን በአጠገቡ እንደሚሠራ ተጽፎ ለዲዛይነር ይሰጣል። ዲዛይኑን ሌላ ሰው ይመረምረዋል፤ ሥራው ከባድና ውስብስብ ሲሆን መርማሪው ከሌላ ድርጅት መሆን አለበት። ከተሠራ በኋላ ከሥዕሉ ጋር ይመሳከራል። ያኔ ብቻ የመጫኛ ፈቃድ ይፈረማል፤ ያለዚያ ፈቃድ አንድ ባልዲ አርማታ አይወጣም። ለማንሳትም ሌላ ፈቃድ አለ፤ አርማታው የሚፈለገውን ጥንካሬ መድረሱ በናሙና ሳይረጋገጥ ድጋፍ አይነካም። አስተባባሪው የግድ ዲዛይነር መሆን የለበትም። በጽሑፍ የተሾመ፣ ሥራውን የሚያውቅ፣ አቁሙ ሲል የሚሰማ ሰው መሆን ግን አለበት። የሁለት ቀን ወረቀት ልምድን አይተካም፤ ወረቀቱን ይዞ ቃሉ የማይሰማ አስተባባሪም ከጋሼ የተሻለ ቦታ ላይ አይደለም።

እንግሊዝ አገር ችኮላ የለም እንዳይመስላችሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ወለል ሊሞላ ፓምፑ ቆሞ፣ የአርማታ መኪናዎቹ መንገድ ላይ ሳሉ ለመጨረሻ ጊዜ ከሥር ገባሁ። በዋዜማው ምሽት የፍሳሽ ሠራተኞች በድጋፉ እግር አጠገብ ቦይ ቆፍረው መልሰው ደፍነውታል። አፈሩ ላላ ያለ ነበር። አልፈረምኩም። ኃላፊው «ሁለት ሜትር ቦይ ናት» አለኝ፤ የተመለሱት መኪናዎች ዋጋም ተቆጥሮ ተነገረኝ። ዲዛይነሩ መጥቶ እግሮቹ የሚያርፉበት ሰፊ ጣውላና ተጨማሪ ድጋፍ አዘዘ፤ ሙሌቱ ለሌላ ቀን ተላለፈ። ቦይ ቆፋሪዎቹ ከገርጂ ልጆች የከፉ አልነበሩም፤ የኃላፊውም ጭንቀት ከፎርማናችን ጭንቀት አይለይም። እዚህ ግን ያልተፈረመ ወረቀት ሥራ ያቆማል።

አገር ቤት ደግሞ መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ምንጃር ሸንኮራ አረርቲ ላይ በመሠራት ላይ ባለ የማርያም ቤተ ክርስቲያን የቆመ የእንጨት መወጣጫ ተደርምሶ፣ ለበዓሉ ከተሰበሰቡት ምእመናን ከ30 በላይ ሞቱ፤ ብዙዎች ቆሰሉ። ዜናውን ስሰማ የቆሰሉት ቶሎ ወጥተው ይሆን ብዬ ነው መጀመሪያ ያሰብኩት። የዚያን ሥራ ዝርዝር አላየሁምና በማንም ላይ አልፈርድም። ይህን ግን እላለሁ፤ መወጣጫ ሲቆም ማን እንደሚወጣበት ብቻ ሳይሆን ማን ከሥሩ እንደሚቆምም፣ በዓል ሲሆን ማን እንደሚዘጋውም አስቀድሞ ስም ተጠርቶ መወሰን አለበት።

ለዚህ የለንደን ሥርዓት ሙሉ በሙሉ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። አጣናም ቢሆን በልኩ ከተቆረጠ፣ መቀጠያው ከታሰረ፣ እግሩ ጣውላ ላይ ከቆመ ሊሸከም ይችላል። ከእኔ ጋር ውጭ አገር የምትኖሩና በወንድም ወይም በአጎት በኩል አገር ቤት ፎቅ የምታስገነቡ ሰዎች ግን የምትጠይቁት ነገር አለ። የሶሌታ ሙሌት ገንዘብ ላኩ ስትባሉ ስለ ሲሚንቶውና ስለ ፌሮው ዋጋ ብቻ አትነጋገሩ። ድጋፉን ማን አሰላው? ከተመታ በኋላ የተነሳ እንጨት ካለ ማን ቆጠረው? በሙሌቱ ጠዋት ከሥር ገብቶ የሚያየውና አይሞላም ቢል የሚሰማው ማን ነው? ሦስቱም ጥያቄ ስም ያለው ሰው ይፈልጋል። ስሙን የሚነግራችሁ ካጣችሁ ገንዘቡን አትላኩ፤ ሙሌቱ ይቆይ።