የመኬትሬ ጎተራ

የጥንቷ ግብፅ ባለጸጋ ወደ መቃብር ባዶ እጁን አይወርድም ነበር። በወዲያኛው ዓለም እንዳይራብ ጋጋሪውን፣ ጠማቂውንና ቀዛፊውን ከእንጨት አስቀርጾ ይዞ ይገባል። የተቀረጸው ምስል ሕያው ሆኖ ለዘለዓለም ያገለግለዋል ብሎ ያምናልና።

ከ4000 ዓመት ገደማ በፊት የኖረው ሹም መኬትሬም እንዲሁ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1920 ቴብስ የሚገኘው መቃብሩ ሲቆፈር፣ ከጥንት ሌቦች ዓይን የተሰወረች አንዲት ጓዳ ተገኘች፤ በውስጧም እነዚህ የእንጨት ሥራዎች ሞልተው ነበር። ልቤን የያዘው ግን ከመካከላቸው ዛሬ ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ያለው ጎተራ ነው። ስድስት ሰዎች እህል ይሸከማሉ፤ ዘጠኝ ሰዎች ደግሞ ይሰፍራሉ፣ ይቆጥራሉ፣ ይመዘግባሉ። ከተሸካሚው ቆጣሪው በዛ!

እኔም የባንክ ጸሐፊ ነኝና ፎቶግራፉን ሳይ ሳቅኩ። ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም። እነዚያ ጸሐፊዎች መጻፍ እያወቁ፣ አርባ መቶ ዓመት ሙሉ የጻፉት የጌታቸውን እህል ብቻ ነው። ቀራጺው ለራሳቸው የሚሆን አንዲት ቃል እንኳ አልተወላቸውም። ሞት ያላሳረፈው አገልጋይ ከዚህ ወዲያ ማን አለ?

እኔ ግን ገና እንጨት አልሆንኩም። ቀን የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ የራሴን ስንኝ እቋጥራለሁ።