ዘፈንን ከነትርጓሜው ለልጆች ስለ ማስተማር

ጭፈራ ለተመልካች የዓይን ደስታ ነው። ለሚጨፍረው ሰው ግን ከእናት ከአባቱ የተቀበለው አደራ ስለ ሆነ፣ ትርጓሜውን ሳያውቅ ቢያቀርበው አደራውን በከፊል ብቻ እንዳደረሰ ይቈጠራል። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ፣ በዩኒቨርስቲ ተማሪ ሳለሁ የአዊን ጭፈራ በመድረክ ለማሳየት ከተመረጡት አንዷ ሆኜ ያየሁት ነገር ነው።

ሕገ መንግሥቱ የጸደቀበት ኅዳር 29 ቀን (1987 ዓ.ም.) ከ1999 ዓ.ም. ዠምሮ የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ተብሎ በያመቱ ይከበራል። በየዩኒቨርስቲውም ተማሪዎች የትውልድ አገራቸውን ልብስ ለብሰው ዘፈናቸውን ያሳያሉ። የልዩ ልዩ አገር ዜማ በአንድ መድረክ መሰማቱም ከዚያ በፊት የነበረ ነው፤ በ1955 ዓ.ም. በቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ የተቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የብዙ አውራጃ የሙዚቃ መሣሪያዎችን በአንድነት አሰምቶ ነበር።

እኔ የተወለድሁት በዳንግላ ሲሆን የአባቴ ወገኖች የእንጅባራ ሰዎች ናቸው። የአገራችን ሕዝብ ሰባት ቤት አገው ይባላል፤ በፈረስ ወዳድነቱም የታወቀ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር፣ ፈረሱ እንደ ሙሽራ አጊጦ ይወጣል፤ የዐድዋም ድል ይታሰባል። ቋንቋችን አዊኛ ከዋግ ኽምጣኛ፣ ከጎንደር ቅማንትኛና በኤርትራ ካለው ብሌንኛ ጋራ ዘመድ ነው።

ለጭፈራው የተመረጥነው ስምንት ነበርን። አዊኛ የምናውቅ ሦስት ብቻ ነን፤ ሦስቱ የአዊ ልጆች ሆነው በከተማ በአማርኛ ብቻ ያደጉ፣ የቀሩትም ሁለት አንዲቱ ከወላይታ፣ አንዱ ከሲዳማ የመጡ ወዳጆቻችን ነበሩ። የመረጥነውም ዘፈን ሙሽራ ሲሸኙ የሚዘፈን ነው። መጀመሪያው ዝግ ያለ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከበሮው ይፈጥናል፣ ትከሻም ይነቀነቃል።

ልምምድ በዠመርን በሁለተኛው ሳምንት የወላይታዪቱ ልጅ፣ «ይህ የምቀበለው ቃል ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። እኔም ከአያቴ እንደ ሰማሁት፣ በዝግታው ክፍል አውጪዋ የሙሽራዪቱን እናት የምታጽናና መሆኗን፣ ተቀባዮቹም ስለ ልጂቱ ዋስ እንደሚሆኑላት ነገርኋት። እስከዚያ ቀን ድረስ ስምንታችንም ለተመልካች ደስ እንዲል እየሣቅን ነበር የምንዘፍነው። በማግሥቱ ያቺ ልጅ በዝግታው ጊዜ ዓይኗን ወደ ምድር አድርጋ ቆመች፤ ከበሮው ሲፈጥን ብቻ ቀና አለች። ማንም ሳያዛት ሁላችንም ተከተልናት፤ ጭፈራውም ያን ቀን እንደ አያቴ ቤት ሆነ።

በዓሉ ሲቀርብ የዝግጅቱ ኀላፊ፣ የተሰጠን ጊዜ አራት ደቂቃ ስለ ሆነ ዝግ ያለው ይቅር አለ። ይህችው የወላይታ ልጅ፣ «እርሱ ከቀረ ሙሽራዪቱ ከማን ቤት ተነሥታ ትሄዳለች?» ብላ ተከራከረች። በመጨረሻ የፈጣኑን ክፍል አሳጥረን የእናትን ማጽናኛ ሳንቆርጥ ተጫወትን።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። አብሮን የሚጨፍር አንድ የዳንግላ ልጅ፣ ማታ በማደሪያው ደጅ ቆሞ ለእናቱ ስልክ ደወለና፣ «እማዬ፣ ይህን ዘፈን ታውቂዋለሽን?» አላት። እናቱ እስከ መጨረሻው በአዊኛ ዘፈነችለት። «ታዲያ ለምን አላስተማርሽኝም?» ቢላት ጥቂት ዝም ብላ፣ «በትምህርትህ ወደ ኋላ እንዳትቀርብኝ ብዬ ነው፣ ልጄ» ስትል መለሰችለት። እናቲቱ ያደረገችው በፍቅር ነው፤ ነገር ግን ልጁ የእናቱን ዘፈን ከወላይታ ልጅ ጋራ እኩል እንደ እንግዳ ተማረው።

ይህ የአንድ ቤት ነገር ብቻ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ፣ ከአዊ ዞን ነዋሪ ከመቶ 60 ያህሉ አዊ ሲሆን፣ አዊኛን የአፍ መፍቻ ቋንቋው ያደረገው ግን ከመቶ 45 ያህል ነበር። በዞኑ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አዊኛ መሰጠቱ መልካም ነው፤ ሆኖም የሰርግ ማጽናኛን ከእናትና ከአያት በተሻለ የሚያስተምር መምህር አይገኝም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ በየትኛውም የአገራችን ክፍል ብትኖሩ፣ ልጃችሁ ጭፈራ ሲማር የእግሩንና የትከሻውን አኳኋን ብቻ ተመልክታችሁ አትለፉ። ቃሉን ንገሩት፤ ለማን፣ በምን ቀን፣ ስለ ምን እንደሚዘፈን አስረዱት፤ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉም ጠይቆ እንዲጽፍ አድርጉት። ልጅ አማርኛን አጥብቆ ይማር፣ የውጭውንም ቋንቋ ይጨምር፤ የአያቱን ቋንቋ ማወቁ ከዚህ አንዱን አይከለክለውም። መድረክ ለአራት ደቂቃ ነው፤ ቤት ግን ለዘመን ነውና፣ ትምህርቱ ከቤት ይዠመር።