ኳሷ ስትጠፋ የት ነበርህ?

ከእናንተ መካከል እሑድ እሑድ ኳስ የሚራገጥ ካለ ይህችን የእኔን ኀፍረት ቢያነባት አይጎዳም። ከሰኞ እስከ ዓርብ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ አገላብጣለሁ፤ እሑድ ጧት ግን ገርጂ ውስጥ በአንድ አቧራማ ሜዳ ላይ የቀኝ መስመር ተከላካይ ነኝ። ተከላካይ ነኝ ማለቴ በወረቀት ነው። እግሬ ወደፊት መሄድን እንጂ ወደኋላ መመለስን አያውቅም ነበር።

አሰላለፋችሁ እንዴት ነው የሚለን ሰው ቢመጣ «4-3-3» ብለን በኩራት እንመልሳለን። ወዳጆቼ፣ ይህ ቁጥር ዳኛው ፊሽካ እስኪነፋ ድረስ ብቻ እውነት መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ኳሷ በእኛ እግር ስትሆን ሁለቱ የመስመር ተከላካዮች ወደፊት ይወጣሉ፤ ከኋላ ሁለቱ የመሐል ተከላካዮች ይቀራሉ፤ ከአማካዮቹም አንዱ ወረድ ብሎ ሦስተኛ ይሆንላቸዋል። ሜዳውን እስከ ዳር እንይዛለን፤ ባላጋራ ሰፊ ቦታ እጠብቃለሁ ሲል በመካከሉ ክፍተት ይፈጠራልና። ኳሷ ከጠፋች ግን ያው ስፋት በእኛው ላይ ይዞርብናል። ያን ጊዜ እንደ ጃንጥላ መታጠፍ ነው፤ የክንፍ አጥቂዎቹ ይመለሳሉ፣ መስመሮቹ ይቀራረባሉ፣ 4-3-3 የነበረው 4-5-1 ይሆናል። መዘርጋቱም መታጠፉም በልምምድ ይመጣል። ጭንቁ በሁለቱ መካከል ያሉት ጥቂት ሰከንዶች ናቸው፤ ቡድኑ ያኔ ተዘርግቶም ታጥፎም አይደለም።

ነገሩ የዛሬ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 ብራዚል ስዊድን ላይ የዓለምን ዋንጫ ስትወስድ አሰላለፏ 4-2-4 ይባል ነበር። ሆኖም የግራ ክንፉ ማሪዮ ዛጋሎ ኳስ በጠፋ ቁጥር ወደ መሐል እየወረደ ሦስተኛ አማካይ ይሆን ነበር። ዓለም ያጨበጨበው ለፔሌና ለጋሪንቻ ነው፤ ዛጋሎ ሳንባውን ጨረሰ። በእኛም ዘመን የማንችስተር ሲቲው ጆን ስቶንስ እ.ኤ.አ. በ2023 ተከላካይ ሆኖ ተሰልፎ፣ ቡድኑ ኳስ ሲይዝ አማካይ ሲሆን አይታችኋል። በሰፈራችን ዲኤስቲቪ ቤት «ይህ ሰውዬ ቦታውን ስቷል» ብለው የሚከራከሩ ነበሩ፤ ከተከራካሪዎቹም አንዱ እኔ ነበርሁ።

የራሳችንን ብሔራዊ ቡድን ተመልከቱ። በ2014 ዓ.ም. አሠልጣኝ ውበቱ አባተ ኳስን ከበረኛ ጀምሮ በአጭር ቅብብል የሚያወጣ ቡድን ይዘው ለአፍሪካ ዋንጫ ካሜሩን ገቡ። ጥር 5 ቀን ከባለአገሮቹ ጋር ሲጋጠሙ ዳዋ ሆቴሳ በ4ኛው ደቂቃ አገባ፤ ሰፈሩ በጩኸት ተናጋ። ከዚያ በኋላ አራት ገባብን። በዚያው ዓመት ሰኔ 2 ቀን እኒሁ አሠልጣኝ ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን በዳዋና በሽመልስ በቀለ ግቦች 2 ለ 0 ረቱ። (ባለሜዳዎቹ እኛ ነበርን፤ ሜዳው ግን የማላዊ ነበር። ቦሌ ላይ የአደይ አበባ ስታዲየም ገና ይሠራ ነበርና።) ቅብብላችን በሁለቱም ጨዋታ ያምር ነበር። ልዩነቱ በእኔ አስተያየት ኳሷ ከእግራችን ከወጣች በኋላ ነበር፤ ግብፆች ኳስ አግኝተው ቀና ሲሉ ከፊታቸው ሰው አላጡም።

ይህን ሁሉ በሰው ቡድን ላይ አያለሁ፤ በራሴ ላይ ግን አላየሁም። በቡድናችን ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ዕድሜያቸው ከአርባ የዘለለ አማካይ አሉ። እኔ ወደፊት ስሮጥ እሳቸው ድምፅ ሳያሰሙ ወደ ቀኝ ተንሸራተው ቦታዬን ይይዙልኛል። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን አላወቅሁም። ባላጋራ በእኔ በኩል የማይመጣው ፈርቶኝ ይመስለኝ ነበር!

አንድ እሑድ ጋሼ ለቅሶ ሄደው ቀሩ። ከሰሚት በኩል ከመጡ ልጆች ጋር ተጋጠምን። እንደ ልማዴ ወጣሁ፤ ኳሷን ተነጠቅሁ፤ ከኋላዬ የተተወው ቦታ ግመል ያሳልፋል። አምስት ገባብን፤ አራቱ በእኔ በር። በመጨረሻዋ በረኛችን ብቻውን ከአጥቂ ጋር ተፋጦ ወጣ፤ ተጋጩና ክንዱ ተሰበረ። ልጁ የታክሲ ረዳት ነው። በአንድ እጅ በር ተከፍቶ ሒሳብ አይሰበሰብም፤ ከወር በላይ ያለ ገቢ ተቀመጠ። አዋጥተን ሰጠነው፤ የእኔን ድርሻ ከፍ አደረግሁት፤ ግን ቀና ብዬ አላየሁትም።

በሳምንቱ ጋሼ መጡና ጠየቁኝ።

«ኳሷ ስትጠፋ የት ነበርህ?»

«ወደፊት ነበርሁ ጋሼ።»

«እሱንማ ሰው ሁሉ አይቷል። ሲመለሱ የት ነበርህ ነው የምልህ።»

መልስ አልነበረኝም። በዚያ ቀን እንዳልጫወት አድርገው ከሜዳው ዳር አስቀመጡኝ። «ኳሷን አትይ፤ እኔን ብቻ እይ» አሉኝ። አርባ አምስት ደቂቃ አየኋቸው። ኳስ የነኩት ጥቂት ጊዜ ነው፤ ሳይንቀሳቀሱ የቆሙበትን ጊዜ ግን አላስታውስም።

አሁን ከመውጣቴ በፊት ዞር እላለሁ። ጋሼ እጃቸውን ከፍ ካደረጉ እሄዳለሁ፤ ካላደረጉ እቀራለሁ። በረኛችንም ክንዱ ድኖ ተመልሷል። ኳስ በያዘ ቁጥር ከመወርወሩ በፊት «ወንድሜ፣ አለህ?» ይለኛል።

«አለሁ» እላለሁ።