ሄግል ስሙን ያልጠራው ወዳጅ

ገጣሚና ፈላስፋ ሲወዳጁ ገጣሚው ስሜት፣ ፈላስፋው ሐሳብ ያዋጣል ይባላል። የሆልደርሊንና የሄግል ነገር ግን ለዚህ አባባል አይመችም። በሐሳብ የቀደመው ገጣሚው ነበር። ፈላስፋው ተከትሎ ደረሰበት፤ ደርሶም አለፈው፤ ካለፈው በኋላ ግን ስለ እሱ ዝም አለ። ሰሞኑን የሚከነክነኝ ይህ ዝምታ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱም የተወለዱት በ1770 ነው። በ1788 ቱቢንገን ከተማ የሚገኘው የፕሮቴስታንት መንፈሳዊ ትምህርት ቤት አብረው ገቡ። ሁለት ዓመት ቆይቶ የ15 ዓመቱ ሼሊንግ፣ የኋላው ፈላስፋ፣ ተጨመረ። በእኛ ቤት አነጋገር የአንድ ጉባኤ ልጆች ናቸው። ቄስ እንዲሆኑ ተልከው ሦስቱም ሳይሆኑ ቀሩ። እነሱ ነገረ መለኮት ሲያጠኑ ፓሪስ ላይ አብዮት ፈነዳ፤ ወሬውን በጉጉት ይከታተሉት ነበር። የነጻነት ዛፍ ተክለው ዙሪያውን ጨፈሩ የሚባለው እንኳ ለመስማት ደስ ይላል እንጂ ማስረጃው ደካማ ነው። ሲለያዩ መፈክራቸው «የእግዚአብሔር መንግሥት» እንደነበር ሆልደርሊን በኋላ ለሄግል በጻፈው ደብዳቤ ያስታውሰዋል። የሰማዩን ብቻ ያሰቡ አይመስለኝም።

የተማረ ድሃ የዚያን ጊዜ እንጀራው የሀብታም ልጆችን ቤታቸው ገብቶ ማስተማር ነበር። ሄግል ለዚሁ ሥራ ወደ በርን ሄደ። ሆልደርሊንም እንዲሁ ሲያስተምር ቆይቶ ዬና ደረሰና የዘመኑን ዝነኛ መምህር የፊሽቴን ትምህርት ተከታተለ። ፊሽቴ የዕውቀትን ሁሉ መሠረት «እኔ» ላይ ነበር የጣለው። የ25 ዓመቱ ገጣሚ በ1795 በአጭር ማስታወሻ ላይ ይህን መሠረት ነቀነቀው። ክርክሩ ቀላል ይመስላል፦ «እኔ» ለማለት ራሴን ማወቅ አለብኝ፤ ራሴን ሳውቅ ደግሞ አንዱ እኔ አዋቂ፣ ሌላው እኔ የሚታወቅ ሆኖ ለሁለት ተከፍያለሁ። የተከፈለ ነገር መጀመሪያ ሊሆን አይችልም። እንግዲያው ከ«እኔ» በፊት ያልተከፈለ አንድነት መኖር አለበት። ያንን አንድነት ግን በዕውቀት አንደርስበትም፤ ማወቅ ራሱ መክፈል ነውና። (የሚቀርበን በውበት በኩል መሆኑን በሌላ ጽሑፉ ይናገራል።)

ይህ እንግዲህ ግጥም አይደለም፤ ደረቅ ፍልስፍና ነው፤ ያውም በዘመኑ ከነበሩት ብዙ ፕሮፌሰሮች የራቀ። ሆልደርሊን አላሳተመውም። ማስታወሻው የታተመው በ1961 ነው። እስከዚያ ድረስ የጀርመን ፍልስፍና ታሪክ ሲጻፍ ሆልደርሊን የፈላስፎቹ ጓደኛ የሆነ ምስኪን ባለቅኔ ነበር።

ማስታወሻው በተጻፈበት በ1795 ሄግል በርን ተቀምጦ የኢየሱስን ሕይወት ይጽፍ ነበር፤ ተአምር የማይሠራ፣ የካንትን የሥነ ምግባር ትምህርት የሚሰብክ ኢየሱስ! በነሐሴ 1796 ደግሞ ለሆልደርሊን ረጅም ግጥም ጻፈለት። ግጥሙ ናፍቆቱን ይገልጣል፤ ከዚያ በላይ ባላወድሰው ይሻላል። ሆልደርሊን በበኩሉ ፍራንክፈርት ውስጥ አንድ የወይን ጠጅ ነጋዴ ቤት ሥራ ፈለገለት፤ ሄግልም በጥር 1797 መጣ። ሆልደርሊን በዚያ ወራት ለሌላ ወዳጁ ሲጽፍ፣ እንደ ሄግል ያለ የረጋ አእምሮ ያለው ሰው አጠገቡ ሲሆን አቅጣጫው እንደማይጠፋው ይናገራል። እርጋታ ያስፈልገው ነበር፤ የቀጣሪውን ሚስት ዙዜተ ጎንታርድን ወዶ፣ መጨረሻው የማያምር ጣጣ ውስጥ ገብቶ ነበርና። በመስከረም 1798 ያንን ቤት ለቆ ወጣ።

ፍራንክፈርት ላይ ምን እንደተነጋገሩ የመዘገበ የለም። የሄግል ወረቀቶች ግን ይመሰክራሉ። የካንት ሕግ ሰባኪ የነበረው ሰው በድንገት ስለ ፍቅር መጻፍ ጀመረ፤ ሕግ የለያየውን የሚያገናኝ ፍቅር፣ ከመከፋፈል በላይ ያለ ሕይወት። የማን ድምፅ እንደሆነ ለመለየት አይከብድም። ዲተር ሄንሪክ የተባለው ጀርመናዊ ፈላስፋ ሄግልን ከካንት መንገድ ያወጣው ሆልደርሊን መሆኑን አስረግጦ ተከራክሯል፤ እኔም እቀበለዋለሁ።

ሄግል ግን ጓደኛው በቆመበት አልቆመም። አንድነቱ ከኋላችን የጠፋ ሳይሆን በመከፈሉና በመጋጨቱ ውስጥ የሚሠራ፣ መጨረሻ ላይ የሚገኝ ነው አለ። ትልቅ እርምጃ ነው፤ ይህን ማንም ሊነጥቀው አይገባም። በመስከረም 1806 ሆልደርሊን አእምሮው ታውኮ ቱቢንገን ወዳለ ክሊኒክ በግድ ተወሰደ። በቀጣዩ ወር ናፖሊዮን ዬና ሲገባ ሄግል «የመንፈስ ፌኖሜኖሎጂ»ን እየጨረሰ ነበር። በ1807 መጽሐፉ ወጣ፤ ሆልደርሊንን ደግሞ ኤርንስት ጺመር የተባለ አናጺ ቤቱ አስገባው። ሐኪሞቹ ቢበዛ ሦስት ዓመት ሰጥተውት ነበር። 36 ዓመት ኖረ።

ሼሊንግ በ1803 የጓደኛቸውን ሁኔታ ለሄግል ጽፎለት፣ ዬና ላይ ሊይዘው ይችል እንደሆን ጠይቆት ነበር። ሄግል አልወሰደውም። በዚህ አልፈርድበትም፤ ራሱም በችግር የሚኖር ሰው ነበር። የሚከብደኝ በኋላ በርሊን ላይ ያደረገው ነው። በስመ ጥርነቱ ዘመን ስለ ሥነ ጥበብ ባስተማረው ሰፊ ትምህርት ውስጥ ጎተ አለ፣ ሺለር አለ፣ ሆልደርሊን የለም። ኪነት ከፍተኛውን ተልእኮዋን ጨርሳ ያለፈች ነገር ሆናለች፣ ቦታውን ፍልስፍና ተረክቧል ያለውም እዚያው ነው። በ1917 ፍራንዝ ሮዘንዝቫይግ ያሳተማት አንዲት ወረቀት ደግሞ ተቃራኒውን ትላለች፦ የአእምሮ የመጨረሻ ከፍታ ውበት ነው፣ ከሁሉም በኋላ የምትቀረው ቅኔ ናት። ወረቀቷ በወጣቱ ሄግል የእጅ ጽሑፍ ናት። ሐሳቧ የሄግል ይሁን የሼሊንግ ወይም የሆልደርሊን ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ሄግል በ1831 ሲሞት ሆልደርሊን አናጺው ቤት ነበር፤ ገና 12 ዓመት ይቀረዋል። በ1826 የታተመው የግጥም መድበሉ ትልልቆቹን የመጨረሻ ዘመን መዝሙሮች ብዙዎቹን አስቀርቶ ነው የወጣው፤ የተሟላው እትም መውጣት የጀመረው በ1913 ነው። ስለዚህ ሄግል በቅኔ ላይ ያንን ፍርድ ሲሰጥ፣ ፍልስፍና ያልደረሰበትን በቅኔ ያሰበውን ሰው ሥራ በቅጡ ሳያነብ ነው። ቢያነበው ኖሮስ? ሐሳቡን የሚለውጥ አይመስለኝም። ግን መልስ መስጠት ይኖርበት ነበር፤ ለመልሱ ደግሞ ስሙን መጥራት ግድ ይሆንበታል።