ስለ ቤት ካርታና ስለ ጐኖቹ ርዝመት

ባለቤት የሆነ ሰው ሁሉ በሣጥኑ ከሚያኖራቸው ወረቀቶች ይልቅ የሚሳሳለት የቦታው ካርታ ነው። ከባንክ ገንዘብ ሲበደር የሚያስይዘው፥ ከጐረቤት ጋራ ክርክር ሲነሣ ለዳኛ የሚያቀርበው፥ በኋላም ለልጆቹ የሚተወው ይህን ነውና። ነገር ግን እኛ እንደታዘብነው ካርታውን በጥንቃቄ ጠቅልሎ የሚያስቀምጠው ብዙ ሲሆን አንብቦ የሚረዳው ጥቂት ነው። ምክንያቱም በካርታው ሰንጠረዥ ላይ ተዘርዝሮ የሚታየው የማዕዘኖቹ ቍጥር፥ ማለት ኮኦርዲኔት የሚባለው ነው። ከማዕዘን ተነሥቶ የጐንን ርዝመት ማግኘት ግን ለቀያሽ ብቻ የተሰጠ ምሥጢር አይደለም፤ ከቤተሰቡ አንዱ ቢያውቀው ቤቱን ከጠብ ያድናል። ዛሬ ከአንባብያን ጋራ ልንነጋገርበት የወደድነውም ይህ ነው።

አባቶቻችን መሬትን በገመድ ይለኩ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ቀላድ እየተጣለ መሬት በጋሻ ሲቈጠር፥ አንድ ጋሻም ዛሬ 40 ሄክታር ያህል ይገመታል፥ ወሰንን የሚያስታውሰው ድንጋይና ዛፍ፥ የሽማግሌም ቃል ነበረ። ድንጋይ ግን ይነሣል፤ ዛፍ ይቈረጣል፤ ሽማግሌም ያልፋል። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ በቤተሰብ እጅ ያለው የይዞታ መብት ነው፤ ይህም መብት ተጣርቶ እንዲመዘገብ የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቍጥር 818/2006 ወጥቷል። እንግዲህ አሁን ወሰንን የሚያስታውሰው ቍጥር ነው። እያንዳንዱ ማዕዘን ሁለት ቍጥር አለው፤ ኤክስ የተባለው ወደ ምሥራቅ፥ ዋይ የተባለው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ያለውን ርቀት በሜትር ይናገራል። በሐዋሳ ካርታዎች ላይ ዋይ 780 ሺህ ገደማ ሆኖ የሚጻፈው ከተማዪቱ ከምድር ወገብ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ ነው።

ሐዋሳን መጥቀሳችን ያለ ምክንያት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ለአንድ ዘመዳችን ተዝካር ወደዚያው ወርደን ነበር። ከተማዪቱ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳር የተቈረቈረች፥ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮም የሲዳማ ክልል መቀመጫ የሆነች ናት። ሟቹ ፒያሳ በሚባለው የገበያ ሰፈር አንድ ቤትና ሁለት ሱቆች ትቶ ነበር። ከተዝካሩ ማግስት በሰፈሩ የተከበሩ አንድ ጐረቤት ካርታውን ካዩ በኋላ ለባልቴቲቱ እንዲህ አሉ፦ «እትዬ፥ በኀዘንዎ ላይ ኀዘን መጨመሬ አይደለም፤ ነገር ግን በወረቀቱ ላይ የፊት ለፊቱ ኤክስ ከ30 ተነሥቶ 46 ላይ ያበቃል። ይህ 16 ሜትር ነው። አጥሩ ግን 20 ሜትር ይዟል። አራቱ ሜትር የእኔ ነው።»

ቦታው ወደ ኋላ 30 ሜትር የሚገባ ስለሆነ አራት ሜትር ማለት 120 ካሬ ሜትር ማለት ነው፤ ይህም ከሁለቱ ሱቆች አንዱን ከነጓዳው የሚወስድ ነበር። ወንዶቹ ልጆች ተቈጥተው ጠበቃ እንያዝ አሉ። ጐረቤትየውም በቅንነት የተናገሩ ስለመሰላቸው አልተመለሱም። በዚህ መካከል የባልቴቲቱ የልጅ ልጅ፥ የ10ኛ ክፍል ተማሪ፥ ደብተርዋን ይዛ ቀረበችና «ጋሼ፥ መንገዱ እኮ በቀጥታ ወደ ምሥራቅ አይሄድም፤ እየሄደ ወደ ሰሜን ያዘነብላል። ኤክስን ብቻ ከቈጠርን ወደ ሰሜን የወጣነውን ተውነው» አለች።

ቤቱ እንዳይታወቅ የቍጥሮቹን መጀመሪያ ትተን መጨረሻቸውን ብቻ እንጻፍ። አንደኛው ማዕዘን ኤክስ 30፥ ዋይ 40 ነው፤ ሁለተኛው 46 እና 52፤ ሦስተኛው 28 እና 76፤ አራተኛው 12 እና 64። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ስንሄድ ወደ ምሥራቅ 16፥ ወደ ሰሜን 12 ሜትር እንሄዳለን። ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ «እንግዲያውስ 28 ነዋ» አሉ። ልጅቱ ግን 28 የሚሆነው ሰው በመጀመሪያ ወደ ምሥራቅ፥ ቀጥሎም ወደ ሰሜን ዞሮ ሲሄድ እንደሆነ፥ አጥሩ ግን በሰያፍ አቋርጦ ስለሚሄድ እንደሚያጥር አስረዳች። የምሥራቁ፥ የሰሜኑና የአጥሩ መስመሮች አንድ ማዕዘኑ ልክ ስኳድራ የሆነ ጐነ ሦስት ይሠራሉ። ስለዚህ 16 በራሱ ሲባዛ 256፥ 12 በራሱ ሲባዛ 144፥ ድምሩ 400 ይሆናል፤ በራሱ ተባዝቶ 400 የሚሆነው ቍጥርም 20 ነው። አጥሩ የያዘው ልክ 20 ሜትር፥ የወረቀቱም ቃል ያው 20 ሜትር ሆነ።

ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ማዕዘን ያለው ልዩነት 18 እና 24 ነው፤ 324 እና 576 ሲደመር 900፥ ጐኑም 30 ሜትር ይሆናል። የቀሩት ሁለት ጐኖችም እንዲሁ 20 እና 30 ወጡ። ነገር ግን ጐኖቹ ብቻ ቢስማሙ ቦታው ያዘነበለ ሊሆን ስለሚችል ልጅቱ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ያለውን ርቀት ደግሞ አሰላች፤ ሁለቱም 36 ሜትር ከ6 ሳንቲም ገደማ ሆኑ። ሰያፎቹ እኩል ስለሆኑ ማዕዘኖቹ ሁሉ ስኳድራ ናቸው፤ ስፋቱም 600 ካሬ ሜትር ነው። የጐረቤትየውም ካርታ በዚሁ መንገድ ሲሰላ አንድ ሜትር እንኳ አልጐደለባቸውም። በኋላም ቀያሽ መጥቶ ለካና ያንኑ አጸና፤ ጠበቃም አልተያዘም።

ይህ ስሌት አዲስ አይደለም። ደንቡ በግሪካዊው በፒታጎራስ ስም ቢጠራም የባቢሎን ሰዎች እርሱ ከመወለዱ ከ1000 ዓመት በላይ አስቀድመው ያውቁት ነበር። ነጥብን በቍጥር እየሰየሙ ጂኦሜትሪን በስሌት የመሥራትን ጥበብ ደግሞ ፈረንሳዊው ዴካርት በ1637 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በመጽሐፍ አወጣው። የእኛም ግንበኞች መሠረት ሲያወጡ 3፥ 4 እና 5 ሜትር በገመድ ለክተው ማዕዘን የሚያስተካክሉት በዚሁ ደንብ ነው።

ሁለት ነገር ግን ማስጠንቀቅ ይገባናል። አንደኛ፥ የካርታ ቍጥር ርቀትን የሚናገረው መሬቱ እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ እንደሆነ አድርጎ ነው። የሐዋሳ መሬት ሜዳ ስለሆነ ልዩነቱ አይሰማም፤ በተዳፋት ላይ ግን ጐኑ 30 ሜትር ሆኖ መሬቱ 4 ሜትር ከፍ ቢል በምድር ላይ የተዘረጋው ሜትር 30 ከ26 ሳንቲም ያህል ያነባል። ይህን አይቶ ጐረቤትን መወንጀል አይገባም። ሁለተኛ፥ በእጅ ስልክ የሚነበብ ቍጥር በብዙ ሜትር ሊሳሳት ስለሚችል ወሰን አይተከልበትም፤ ይህ የቀያሽ ሥራ ነው።

ስለዚህ የቤት አባቶችና እመቤቶች ሆይ፥ ካርታውን ከሣጥን አውጥታችሁ በትምህርት ላይ ላለው ልጃችሁ አሳዩት። ባለ ካሬ ወረቀት ላይ አራቱን ማዕዘን ይንደፍ፤ አራቱን ጐንና ሁለቱን ሰያፍ ያስላ፤ ያገኘውንም በንጹሕ ወረቀት ጽፎ ከካርታው ጋራ ያኑረው። ባለቤቱ በሕይወት ሳለ፥ ከጐረቤትም ጋራ ቡና አብሮ ሲጠጣ የተሠራ ስሌት፥ ባለቤቱ ካለፈ በኋላ በቍጣ ከሚሠራው ይልቅ የታመነ ነውና።