ከጉቶ የበቀለው የሁምቦ ደን

ከወላይታ ሶዶ ተነስተው ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደውን መንገድ ሲይዙ ብዙም ሳይርቁ ሁምቦ ይደርሳሉ። እዚያም ቀና ብለው ተራራውን ይመልከቱ። ዛሬ ደን የለበሰው ይህ ተዳፋት ከሃያ ዓመት በፊት የተራቆተ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር አፈሩ በጎርፍ እየተጠረገ የሚወርድ ነበር ቢባሉ ያምናሉን?

ዛፉን የጨረሰው መጥረቢያ ነው። ከፊሉ ለእርሻ ተመነጠረ፣ ከፊሉ ማገዶና ከሰል ሆነ። እዚህ ላይ እኛ የከተማ እናቶች እጃችን የለበትም ማለት አንችልም፤ በጆንያ የምንገዛው ከሰል ከአንድ ተራራ ላይ የወረደ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. የአካባቢው ገበሬዎች ወርልድ ቪዥን ከተባለው ድርጅት ጋር በመሆን 2,728 ሄክታር መሬት ማልማት ጀመሩ። በአብዛኛው ችግኝ መትከል አላስፈለጋቸውም። ላዩ ቢቆረጥም ሥሩ ያልሞተ ጉቶ ሞልቶ ነበር። ከየጉቶው ከሚያቆጠቁጠው ቀንበጥ ጠንካራውን መርጠው አስቀሩ፤ ሌላውን መለመሉ፤ ከብት እንዳይገባ ጠበቁ።

ነገር ግን ተራራ ሲከለል ማገዶ ለቃሚዋ ወዴት ትሂድ? ላሟስ ምን ትብላ? የጥበቃውን ዕዳ በቅድሚያ የምትከፍለው እንጨት በጀርባዋ የምትሸከመው እናት ናት። ስለሆነም መልሱ ከዚያው ከደኑ መምጣት ነበረበት። ሣሩ እየታጨደ ለከብት፣ የተመለመለው ቅርንጫፍ ለምድጃ ዋለ። በሰባት ማኅበራት የተደራጁት ነዋሪዎችም ደኑ ከአየር ላይ ለሚሰበስበው ካርቦን በዓለም ባንክ በኩል ክፍያ አግኝተው፣ ከገንዘቡ የእህል ጎተራና ወፍጮ ሠርተዋል። ወፍጮ በቅርብ መገኘቱ ለሴት ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ለእርስዎ መንገር አያሻም።

ዛሬ ዝናብ ወቅቱን እየሳተ፣ ሲመጣም ባንዴ እየወረደ ያስቸግራል። የተራቆተ ተዳፋት ይህንኑ ውሃ ጎርፍ አድርጎ ይሰደዋል። ሣርና ቅጠል የሸፈነው መሬት ግን ወደ ውስጥ ያሰርገዋል፤ በበጋም ምንጭ ሆኖ ይመለሳል።

እንግዲህ ከጉዞዎ ሲመለሱ የቤትዎን ምድጃ ልብ ብለው ይመልከቱ። «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃና «ላቀች» የተባለው የከሰል ምድጃ ማገዶ ይቆጥባሉ። ከእርስዎ ማድቤት የሚተርፈው ከሰል፣ በሌላ ተራራ ላይ ሊያቆጠቁጥ ለተዘጋጀ ጉቶ ዕድሜ ነው።